የሜካኒካል ዲዛይን ፍሪላንስ፦ ሶፍትዌሩን እችላለሁ፣ ክፍያው ለምን ዝቅ አለብኝ?

ጥያቄ፦ «በአንድ ፋብሪካ የዲዛይን ክፍል 4 ዓመት ሠርቻለሁ። ሶሊድወርክስ የተባለውን የ3ዲ ዲዛይን ሶፍትዌር በደንብ እችላለሁ፣ ሰርተፊኬትም አለኝ። ላለፉት 5 ወራት ማታ ማታ ፍሪላንስ እየሞከርኩ ነው። የሚመጣልኝ ግን ‹ይህን ፎቶ ወደ 3ዲ ሞዴል ቀይርልኝ› ዓይነት ሥራ ብቻ ነው፤ በሰዓት ሲሰላ ከደመወዜ ያንሳል። ሌላ ሶፍትዌር ልጨምር? ዋጋዬንስ ዝቅ ላድርግ? ሥራዬን ለቅቄ ሙሉ በሙሉ በዚህ መተዳደር የምችለውስ መቼ ነው?»

ምላሽ፦ ሌላ ሶፍትዌር አይጨምሩ፤ ዋጋም አይቀንሱ። ፎቶ አይቶ ሞዴል መሥራት ሶፍትዌሩን ለጥቂት ወራት የተማረ ሁሉ የሚችለው ሥራ ነው። ተወዳዳሪው እልፍ ነው፤ ደንበኛውም አንዱን ሠሪ ከሌላው የሚለይበት ነገር ስለሌለው ዋጋ ብቻ ያያል። እዚያ ሰፈር እስካሉ ድረስ ሁለተኛና ሦስተኛ ሶፍትዌር ቢያውቁም ክፍያው አይነቃነቅም። ሰርተፊኬቱም የሚያስረዳው መሣሪያውን መያዝ እንደሚችሉ ነው፤ ፓርቱ፣ ማለትም የነደፉት ቁራጭ፣ ሲመረት ልክ ሆኖ እንደሚወጣ አያስረዳም። ደህና ገንዘብ የሚከፈለው ለዚህ ለሁለተኛው ነው።

ደንበኛው 500 ሳጥን አስቆርጦ፣ አሳጥፎ፣ ቀለም አስቀብቶ ሲያበቃ ክዳኑ አልገጥም ቢለው የሚከስረው ላሜራውን፣ የማሽን ሰዓቱን፣ ቀለሙንና ያለፉትን ሳምንታት ነው። ከዚህ ጋር ሲተያይ የዲዛይነሩ ክፍያ ትንሽ ነው። አንዴ እንዲህ የተቃጠለ ደንበኛ በሰዓት ዋጋዎ ላይ ብዙ አይከራከርም። ያልተቃጠለው ደግሞ የቱንም ያህል ቢቀንሱለት ውድ ነው ማለቱ አይቀርም።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ከ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ የሚታጠፍ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን አለ እንበል፤ ክዳኑ ሳጥኑን ከላይ እንደ ኮፍያ ይለብሰዋል። ዲዛይነሩ በክዳኑ የውስጥ ስፋትና በሳጥኑ የውጭ ስፋት መካከል 0.4 ሚሊ ሜትር ትቷል፤ በየጎኑ 0.2 መሆኑ ነው። ስክሪን ላይ ልክ ነው፤ የሶፍትዌሩ የግጭት ፍተሻም ዝም ይላል። ከዚያ ፓውደር ኮት፣ በዱቄት መልክ ተረጭቶ በሙቀት የሚጋገረው ቀለም፣ ይመጣል። ፓውደር ኮት በአንድ ፊት ላይ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 80 ማይክሮን (ከ0.06 እስከ 0.08 ሚሊ ሜትር) ይወፍራል። እርስ በርስ የሚተያዩት ፊቶች አራት ናቸው፤ በግራና በቀኝ አንድ አንድ የክዳን፣ አንድ አንድ የሳጥን። 0.08 በ4 ሲባዛ 0.32 ነው። ከ0.4 የሚተርፈው 0.08 ብቻ ይሆናል፤ የማጠፊያ ማሽኑ የልክ ልዩነት ብቻውን ከዚህ ይበልጣል። ክዳኑ ወይ አይገባም፣ ወይ ቀለሙን እየፋቀ ይገባል።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ በየጎኑ 0.5 ሚሊ ሜትር ያህል መተው፣ ድሮዊንጉ (የምርት ሥዕሉ) ላይም ልኩ ከቀለም በፊት ይሁን ከቀለም በኋላ በግልጽ መጻፍ። በዚያው ሳጥን ላይ ጥርስ የወጣላቸው የብሎን ቀዳዳዎችና የኧርዝ (የመሬት) ሽቦ የሚታሰርበት ቦታ ተሸፍነው ይቀቡ ካልተባለ፣ ጥርሱ በቀለም ይደፈናል፤ ኧርዙም ከብረቱ ጋር አይገናኝም። 2 ሚሊ ላሜራ በተለመደው 16 ሚሊ አፍ ባለው ሻጋታ ሲታጠፍ፣ የሚታጠፈው ጠርዝ ከ11 ሚሊ ገደማ ካጠረ ላሜራው ሻጋታው ላይ የሚደገፍበት ያጣና ወደ ውስጥ ይንሸራተታል። ከቀዳዳው ጠርዝ እስከ ማጠፊያው ያለው ርቀትም የላሜራውን ውፍረት ሁለት ተኩል እጥፍና የማጠፊያውን ሬዲየስ ተደምሮ ካላከለ ቀዳዳው ይለጠጥና እንቁላል ይመስላል። እነዚህን አራት አምስት ነገሮች ሥራው ሳይጀመር ለደንበኛው የሚነግር ሰው ከፎቶ ቀጂዎቹ ሰልፍ ያን ቀን ይወጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ውሳኔ አንድ የአመራረት ዘዴ መምረጥ ነው። «የሜካኒካል ዲዛይነር ነኝ» ብሎ መቅረብ ለደንበኛ ምንም አይነግረውም። «ለኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የላሜራ ሳጥን ዲዛይን አደርጋለሁ» የሚል ሰው ግን ማን እንደሚፈልገው ይታወቃል። ፋብሪካዎ በምን ዘዴ እንደሚያመርት አልነገሩንም፤ የሚመርጡት ግን በየቀኑ ስህተቱን እያዩ የኖሩበትን ቢሆን ይሻላል። ቶርኖና ፍሬዛ፣ ማለትም ብረት የሚቆርጡ ማሽኖች፣ ካሉበት ቤት ከሆኑ፣ በፍሬዛ የሚቦረቦር ኪስ የውስጥ ማዕዘኑ ሹል ሆኖ ሊወጣ እንደማይችል፣ ጥልቀቱም ከመቁረጫው ዲያሜትር 4 እጥፍ ሲያልፍ መሣሪያው እየተንቀጠቀጠ ልኩን እንደሚያበላሸው ያውቁታል። በኢንጀክሽን ሞልድ፣ ማለትም የቀለጠ ፕላስቲክ በግፊት በሚገባበት የብረት ቅርጽ፣ የሚሠራ ፕላስቲክ ከሁሉም የተሻለ ይከፍላል፤ ሞልዱ አንዴ በብረት ከተቀረጸ በኋላ ስህተትን ማረም ውድ ነውና። የግድግዳው ውፍረት ወጥ መሆን አለበት፤ ማጠናከሪያ ጎድኑ ከግድግዳው ውፍረት 60 በመቶ ካለፈ ከኋላው ያለው ለስላሳ ፊት ይሰረጉዳል፤ ቋሚ ፊቶች ቢያንስ 1 ዲግሪ ዘንበል ካላሉ ፓርቱ ከሞልዱ ሲወጣ ይፋቃል። ይህን ማንበብ ግን ማወቅ አይደለም። ሞልድ ሲሞከር ቆመው ያላዩ ከሆነ በዚህ መስክ በራስዎ ኃላፊነት ሥራ አይያዙ፤ ይህ ሙያ በደንበኛ ገንዘብ መማርን አይታገስም።

ሁለተኛው ነገር የሚያስረክቡት ጥቅል ነው። ሞዴል ብቻ ማስረከብ ሥራውን ከግማሽ መንገድ መመለስ ነው። ሙሉ ጥቅል የሚባለው ለእያንዳንዱ ፓርት ቶለራንስ (የሚፈቀደው የልክ ልዩነት) ያለበት ድሮዊንግ በፒዲኤፍ፣ ለማሽን የሚሆን ስቴፕ ፋይል (በብዙ የዲዛይን ሶፍትዌር የሚከፈት የ3ዲ ፋይል)፣ ላሜራ ከሆነ የተዘረጋው ቅርጽ በዲኤክስኤፍ (ለመቁረጫ ማሽን የሚሆን ጠፍጣፋ ሥዕል)፣ የአሴምብሊ (የአገጣጠም) ድሮዊንግ፣ እንዲሁም ብሎንና ዳዶ ሳይቀር በቁጥርና በመጠን የተዘረዘረበት የዕቃ ዝርዝር ነው። ሁሉም ፋይል ላይ አንድ ዓይነት የሪቪዥን (የእትም) ፊደል ይኑር። ወርክሾፑ በሪቪዥን ኤ ቆርጦ ደንበኛው ሪቪዥን ቢን ሲጠብቅ የሚነሳው ጠብ መጨረሻው ዲዛይነሩ ላይ ነው።

ቶለራንስ ላይ ብዙ ጀማሪ በሁለት አቅጣጫ ይሳሳታል። አንዱ ምንም አይጽፍም። ሌላው ሁሉም ቦታ የጠበቀ ልክ ይሰጣል። 20 ሚሊ ቀዳዳ በቶለራንስ ምልክት ኤች 7 ሲባል ከ20.000 እስከ 20.021 ውስጥ ይግባ ማለት ነው። ኩሽኔታ ወይም መሪ ፒን የሚቀመጥበት ከሆነ ተገቢ ነው፤ ብሎን የሚያልፍበት ከሆነ ግን ደንበኛውን ለከንቱ ወጪ መዳረግ ነው። ለቀረው ሁሉ አጠቃላይ ቶለራንስ በቂ ነው፦ ዓለም አቀፉ ስታንዳርድ አይኤስኦ 2768 በመካከለኛው ደረጃ ከ30 እስከ 120 ሚሊ ላለ ልክ ±0.3፣ ከ120 እስከ 400 ላለ ±0.5 ይፈቅዳል። በነገራችን ላይ የዚህ ስታንዳርድ ሁለተኛ ክፍል፣ የጂኦሜትሪ ቶለራንሱ፣ በ2021 ተሽሮ በአይኤስኦ 22081 ተተክቷል። ከአሮጌ ድሮዊንግ የርዕስ ሳጥን ሲገለብጡ ይህን የቆየ ጥቅስ አብረው አይገልብጡ። የፕሮጀክሽን ምልክቱንም፣ ማለትም የፓርቱ ገጽታዎች ሥዕሉ ላይ በየት በኩል እንደተቀመጡ የሚናገረውን፣ አይርሱ። አንዱ አገር በፈርስት አንግል፣ ሌላው በሰርድ አንግል ያነባል፤ ምልክቱ ከሌለ ግራ የነበረው ቀኝ ሆኖ ይመረታል፤ ልኩ ሁሉ ትክክል የሆነ፣ ግን የመስታወት ምስል የመሰለ ፓርት ይደርስዎታል።

የሥራ ማሳያ ለማዘጋጀት 30 የተዋበ ሬንደር (ፎቶ የመሰለ የሞዴል ምስል) አያስፈልግም፤ ሦስት ፕሮጀክት ይበቃል። እያንዳንዱ ሙሉ ጥቅል ይሁን፤ ቢያንስ አንዱን በራስዎ ወጪ አስመርተው የፓርቱን ፎቶ ከድሮዊንጉ ጎን ያስቀምጡ። በሪቪዥን ኤ ምን እንዳልሠራና በሪቪዥን ቢ ምን እንደተለወጠ በሁለት ሦስት መስመር ይጻፉ። ልምድ ያለው ገዢ የሚያነበው ይህንን ነው፤ ያልተሳሳተ ዲዛይነር እንደሌለ ያውቃልና። እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ የፋብሪካዎን ድሮዊንግ፣ ስሙን አጥፍተውም ቢሆን፣ ማሳያ ውስጥ አያስገቡ። የቅጥር ውልዎንም አውጥተው ያንብቡት። በትርፍ ሰዓት ለሌላ መሥራትን የሚከለክል ወይም በቅጥር ዘመንዎ የሠሩትን ሁሉ የአሠሪው የሚያደርግ አንቀጽ ካለው፣ ከደንበኛ ጋር ከመዋዋል በፊት መፈታት ያለበት እሱ ነው።

ወደ ዋጋ እንምጣ። ብዙ ሰው የወር ደመወዙን በሠራበት ሰዓት አካፍሎ፣ ትንሽ ጨምሮ ይጠራል፤ ስህተቱ የሚጀምረው እዚያ ነው። ደመወዝተኛ በሳምንት 40 ሰዓት ተብሎ በዓመት 2,080 ሰዓት ይታሰብለታል፤ ዕረፍቱም፣ ስብሰባውም፣ ሥራ የጠፋበት ቀንም ይከፈልበታል። ፍሪላንሰር ለዕረፍትና ለሕመም 6 ሳምንት ቢያወጣ የሚቀረው 46 ሳምንት፣ 1,840 ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ ደንበኛ የሚከፍልበት 60 በመቶ ቢሆን ደህና ነው፤ ሌላው ዋጋ በማቅረብ፣ በደብዳቤ፣ በሂሳብና ክፍያ በመጠየቅ ያልፋል። ስለዚህ የሚሸጥ ሰዓትዎ 1,100 ገደማ ነው። አሁን የዓመት ደመወዝዎን 100 እጅ እንበለው። የሶፍትዌር ፈቃድ፣ ኮምፒዩተር፣ ኢንሹራንስ፣ የአገናኝ ድርጅት ኮሚሽንና አሠሪ ይሸፍንልዎ የነበረው ወጪ ተደምሮ 35 እጅ ቢሆን፣ 135ን ለ1,100 ማካፈል ነው። ውጤቱ በደመወዝ በሰዓት ከሚያገኙት 2.5 እጥፍ በላይ ይወጣል። ይህ ትርፍ እንዳይመስልዎ፤ አሁን ካሉበት ኑሮ እንዳያንሱ የሚያደርግ ወለል ነው። የራስዎን ቁጥር አስገብተው ይሥሩት፤ ከወለሉ በታች የሚከፍል ሥራ ሲመጣ እምቢ ማለት ያን ጊዜ አይከብድም።

በቁርጥ ዋጋ ሲስማሙ ደግሞ የሚያስከስረው የሰዓት ግምቱ ነው። 12 ፓርት ላለው ሳጥን ጀማሪ የሚቆጥረው ሞዴሉን ነው፤ 20 ሰዓት ይላል። ድሮዊንጎቹ 18 ሰዓት ይወስዳሉ፤ ከወርክሾፑ ጋር መነጋገር 6፣ ማሻሻያ 8፣ ስብሰባና ደብዳቤ 4። ድምሩ 56 ነው። በ20 ሰዓት ዋጋ የተዋዋለ ሰው ለቀረው 36 ሰዓት በነፃ ይሠራል፤ ፓርቱ ሲበዛም ጉዳቱ አብሮ ይበዛል። ዋጋ ከመስጠትዎ በፊት ስንት ቁራጭ እንደሚመረት፣ ምን እንደሚሸከም፣ ውጭ ይሁን ቤት ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያመርተው፣ በየትኛው ስታንዳርድ እንደሚፈለግ ይጠይቁ። ከሁሉም የሚበልጠው የቁጥሩ ጥያቄ ነው። 10 ቁራጭ ሲሆን በፍሬዛ የሚወጣው ፓርት፣ 10,000 ሲሆን በሞልድ ይታሰባል፤ ዲዛይኑም ከሥሩ ሌላ ነው።

የሥራው ወሰን በጽሑፍ ይሁን። የሚከተለውን የመሰለ አጭር አንቀጽ ይበቃል፦ «ዋጋው 12 የላሜራ ፓርቶችን፣ 1 የአሴምብሊ ድሮዊንግንና የዕቃ ዝርዝሩን ያጠቃልላል። 2 የማሻሻያ ዙር አለው፤ አንድ ዙር ማለት በአንድ ጊዜ በጽሑፍ የተላከ የአስተያየት ስብስብ ነው። ሞዴሉ ከጸደቀ በኋላ የሰርኪት ቦርዱ መጠን ወይም የማገናኛዎቹ ቦታ ከተለወጠ ተጨማሪው ሥራ በሰዓት ይታሰባል። የጥንካሬ ስሌትና የምርት ክትትል አልተካተቱም።» የዙሩ ትርጉም ካልተጻፈ በየቀኑ የምትመጣ አንዲት መልእክት ሁሉ «ትንሽ ማስተካከያ» ትባላለች። ክፍያውን 40 በመቶ ከመጀመርዎ በፊት፣ 40 ሞዴሉ ሲጸድቅ፣ 20 የመጨረሻውን ፋይል ከማስረከብዎ በፊት ያድርጉት። እስከዚያው ለግምገማ ፒዲኤፍ ይላኩ። የሶፍትዌሩ ዋና ፋይልና የዲዛይኑ ባለቤትነት የሚተላለፉት ክፍያው ሲጠናቀቅ ነው ተብሎ ውሉ ላይ ይስፈር። ደንበኛው የሚጠቀምበትን የሶፍትዌር ሪሊዝም አስቀድመው ይጠይቁ፤ በአዲሱ የተሠራ ፋይል በአሮጌው አልከፈት ይልና ርክክቡ ቀን ግርግር ይፈጠራል።

ደንበኛ የት ይገኛል ለሚለው፣ የሥራ ማገናኛ ድረ ገጾቹ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ሥራዎች ይጠቅማሉ። ከዚያ በኋላ ግን ጥሩው ሥራ የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው። አንደኛው ምንጭ ወርክሾፖች ናቸው። በየሳምንቱ የማይመረት ድሮዊንግ ይዞ የሚመጣ ሰው ይደርሳቸዋል፤ ማስተካከሉ ግን ሥራቸው አይደለም። «እንዲህ ያለውን ወደ እኔ ላኩት፣ ለማሽናችሁ የሚሆን አድርጌ እመልሰዋለሁ» ቢሏቸው የሚጠቀሙት እነሱም ናቸው። ሁለተኛው፣ ኤሌክትሮኒክሱን ራሳቸው ሠርተው ሳጥኑ ላይ የሚቸገሩ ትንንሽ ድርጅቶች ናቸው። ሦስተኛው፣ ትእዛዝ ሲበዛ የዲዛይን ክፍላቸው የማይችላቸው ማሽን ሠሪዎች ናቸው፤ እነዚህ አንዴ ካመኑ ይመላለሳሉ። ለማንኛቸውም ሲጽፉ ስለራስዎ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የቀረውን በምርታቸው ላይ ስላዩት ነገር ይጻፉ፦ «ክዳናችሁ በ8 ብሎን ይታሰራል፤ በመንጠቆና በ2 ብሎን ሊሆን ይችላል» የሚል አንድ መስመር ከሙሉ የሥራ ታሪክ ወረቀት ይልቅ መልስ ያመጣል።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ይቀራሉ። የመጀመሪያው የሶፍትዌር ፈቃድ ነው። የተማሪ ፈቃድ ለንግድ ሥራ አይሆንም፤ በተማሪ ሶሊድወርክስ የተሠራ ፋይል ምልክቱን ይዞ ይዞራል፣ ደንበኛው ሲከፍተው ያየዋል። ነፃው ኦንሼፕ (በኢንተርኔት የሚሠራ የዲዛይን ሶፍትዌር) ደግሞ ሰነዱን ለሁሉም ክፍት ያደርገዋል፤ የምስጢር ስምምነት ፈርመው በእሱ ቢሠሩ ውሉን በመጀመሪያው ቀን አፈረሱ ማለት ነው። የተሰበረ (ያለ ፈቃድ የተከፈተ) ቅጂ የሚያስከትለውን ጣጣ ያውቁታል። የሚከፈልበት ፈቃድ ለጊዜው ከከበደ ፍሪካድ የተባለው የዲዛይን ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ ለንግድም ይፈቀዳል። ሻካራ ጎን አለው፤ ስቴፕ፣ ዲኤክስኤፍና ድሮዊንግ ግን ያወጣል።

ሁለተኛው ኃላፊነት ነው። ሰው የሚያነሳ ማንሻ፣ የግፊት ታንክ፣ የሕንፃ ብረት፣ የተሽከርካሪ ፍሬን የመሰሉ ሥራዎች በብዙ አገር ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ፊርማ ይጠይቃሉ። ክፍያው ቢያጓጓም፣ ፊርማውን የሚሰጥ ሰው ከሌለ አይንኩት። ለሌላው ሥራም የተጠያቂነትዎ ጣሪያ ከተቀበሉት ክፍያ እንዳይበልጥ፣ ምርቱ በብዛት ከመመረቱ በፊት ደንበኛው ናሙና አስመርቶ እንዲፈትን ውሉ ይናገር። የኤፍኢኤ፣ ማለትም የኮምፒዩተር የጥንካሬ ስሌት፣ ባለቀለም ሥዕልንም እንደ ማስረጃ አይስጡ። ሹል የውስጥ ማዕዘን ላይ ስሌቱ ፓርቱን የሚከፋፍልበትን መረብ ባጠበቡ ቁጥር የውስጥ ጫናው (ስትረስ) ይጨምራል እንጂ አንድ ቁጥር ላይ አይቆምም፤ ቀዩ ቦታ ምን ማለት እንደሆነ በእጅ ስሌት ማስረዳት ካልቻሉ ሥዕሉን ባይልኩት ይሻላል።

ሥራዎን አሁን አይልቀቁ። ፎቶ ወደ ሞዴል የመቀየሩን ሥራ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት፤ ያንን ማታ ለሦስቱ ጥቅሎች ይስጡት። በሳምንት 10 ሰዓት ቢያገኙ 3 ወር ገደማ ይፈጃል። ከዚያ በአዲሱ ዋጋ ብቻ ይቅረቡ። ደመወዝ የሚለቀቀው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ የ6 ወር የኑሮ ወጪ በእጅ ሲኖር፣ ሳይጠሩ ተመልሰው የመጡ ቢያንስ ሁለት ደንበኞች ሲኖሩ፣ ከሁለቱም አንዳቸው ብቻውን ከገቢዎ ግማሽ በላይ የማይይዝ ሲሆን። ሦስተኛው ብዙውን ጊዜ ይዘነጋል፤ ከአንድ ደንበኛ ላይ የተንጠለጠለ ፍሪላንሰር፣ ዕረፍትና ጡረታ የሌለው ተቀጣሪ ነው።